ለሽጉጥ ካዝና ታኮ የገጠምኩ ዕለት

በሙያዬ የሚመጣብኝን ሰው አልወድም። ካኮረፍኩም ቶሎ አይለቀኝም። ሚስቴ ሰናይት ይህን ጠባዬን ጠንቅቃ ታውቃለች፤ ስለዚህ አሁን በማወራላችሁ ጉድ ውስጥ እሷም ላይ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ ጥፍር የምታክል ጥፋት ትገኝ እንደሆነ ብዬ ነገሩን አገላብጬ አየሁት። አልተገኘችም። ሙሉው እኔው ዘንድ ነው ያለው። እንግዲህ እንዳለ ላውራላችሁና ቢያንስ እናንተ ሳቁ፤ እኛ ቤት ለጊዜው የሚስቅ የለም።

እዚህ ፈረንጅ አገር፣ ፌርፋክስ የሚባል መንገድ ላይ ጫማ እጠግናለሁ። ሱቄ በሁለት ምግብ ቤቶች መሀል የተሸጎጠች ናት፤ ከግራ የጥብስ፣ ከቀኝ የሽሮ ሽታ እየገባ ማስቲሼን ያሸንፈዋል። በዚህ ከተማ ደብዳቤ ፖስታ ሳጥን ውስጥ ለመክተትም ድራይቭ የሚያደርግ ሰው ጫማው የት እንደሚያልቅ ሁሌ ይገርመኛል። ግን ተመስገን፣ ያልቃል። ታኮ እቀይራለሁ፣ ሶል እለጥፋለሁ፣ የቦርሳ ዚፕ አስተካክላለሁ። ከሥራው ብዛት አንድ መጥፎ አመል ለምዶብኛል፤ ሰው ሲያናግረኝ ፊቱን ትቼ እግሩን ነው የማየው። ሰናይትን መጀመሪያ የተዋወቅኳት ቀን ያልኳት ነገር «የግራ ታኮሽ ወደ ውስጥ እያለቀ ነው» የሚል ነበር። ከዚያ በኋላ እንዴት እንዳገባችኝ እስካሁን አልገባኝም፣ ጠይቄያትም አላውቅም፤ እንዳታስብበት እፈራለሁ።

ሰናይት ሎንግ ቢች አንድ ሆስፒታል ውስጥ ነው የምትሠራው። የምንኖረው ራቅ ብሎ ፓልምስ ስለሆነ ግማሽ ዕድሜዋ ፍሪዌይ ላይ ነው የሚያልቀው። ሳምንቱን ሙሉ በሽተኛ ስታገላብጥ ትሰነብትና ቅዳሜ ቅዳሜ ሽጉጥ ትተኩሳለች። ተረጋጉ፣ ካርቶን ላይ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ተራራ ሥር፣ የተኩስ ውድድር ክለብ አለ። ተወዳዳሪው እየሮጠ፣ የካርቶን ዒላማ እየመታ፣ ጥይት ሲያልቅበት እየቀየረ ከሰዓት ጋር ይሽቀዳደማል። አንዲት የሥራ ባልደረባዋ ለጨዋታ ብላ አንድ ቀን ወሰደቻት፤ ሰናይት ያን ዕለት ስትመለስ ፊቷ ላይ ያየሁትን ነገር ሠርጋችን ቀን አላየሁትም። ይህን ስል ትንሽ ከፍቶኝ ነው።

የክለቡ የሴቶች ቲም ለስቴቱ ውድድር ሊሄድ ነበር። ከአንዲት ቦታ በቀር ሁሉም ተይዟል፤ ያቺ ቦታ ደግሞ በዚያ ሳምንት ቅዳሜ በሚገኘው ውጤት ነው የምትሰጠው። ሰናይት ሌላ ወሬ አልነበራትም። ወጥ እያማሰለች ጣቷን ቀስራ ፍሪጁ ላይ ስታነጣጥር አግኝቻታለሁ። «ምን እንዲህ አንገበገበሽ?» ብላት ማማሰያውን አስቀመጠችና አሰበች።

«የተማርኩትን አባቴ መረጠልኝ፤ ዲቪውን ወንድሜ ሞላልኝ፤ አንተንም አክስቴ ናት ያመጣችህ» አለችኝ። «ይኼን ግን ማንም አልመረጠልኝም። የራሴ ነው።»

እኔም አክስቷ ካመጧቸው ዕቃዎች አንዱ እንደመሆኔ ማማሰያውን አንስቼ ወጡን ማማሰል ያዝኩ።

አሁን ወደ ጥፋቱ ልግባ። ካዝና የምንለው ጥይት የሚደረደርባት፣ ከሽጉጡ እጀታ ሥር ገብታ ቀጭ የምትል ጠፍጣፋ ቤት ናት። ታቿ ላይ ቤዝ ፓድ የሚሉት መክደኛ አለ። ውስጥ ያለውን ሞላና ጥይቱን ይዞ የሚያስቀረው እሱ ነው። ተወዳዳሪዎች ይህን መክደኛ ወፈርና ከበድ ባለ ይቀይሩታል፤ ካዝናዋን ሲከቱ መዳፋቸው በደንብ እንዲገፋት፣ ባዶዋን ሲለቁ ደግሞ በራሷ ክብደት ቶሎ እንድትወድቅላቸው። የሚጨመረው ክብደትና መያዣ እንጂ ጥይት አይደለም፤ እዚህ ስቴት ካዝና ከአሥር በላይ አይይዝም፣ እሱን የሚነካ ሰው ሌላ ጣጣ ውስጥ ነው የሚገባው።

ሐሙስ ዕለት ሰናይት ቀበቶዋን ሱቅ አምጥታ ጣለችልኝ። ስፌቱ ተተርትሮ ነበር። ሽጉጧ ቤት ተቆልፎበታል፤ ባዶ ካዝናዎቿ ግን ቀበቶው ላይ ተሰክተው አብረው መጡ።

«ነገ ትሰፋልኛለህ?» አለች። «ካዝናዎቹ እዚያው ይሁኑ፣ በእነሱ ልክ ነው የምትሰፋው።» ከዚያ አንዷን አውጥታ አሳየችኝ። «አየህ፣ መክደኛው ቀጭን ነው። ስከተው መዳፌን ይቆነጥጠኛል። ሌላ አዝዣለሁ፤ ለዚህ ማች ግን አይደርስም።»

«ያዘዝሽው ከምን የተሠራ ነው?»

«ብረትና ላስቲክ መሰለኝ። ለምን?»

«እንዲያው ነው።»

እንዲያው አልነበረም። የጫማ ጠጋኝ ሚስት ላስቲክ በፖስታ ታዝዛለች! ይሄ ነገር ቀኑን ሙሉ ሲከነክነኝ ዋለ። እኔ ግድግዳዬ ላይ በየመጠኑ የተሰቀለ ላስቲክ አለኝ፣ የጣሊያን ሳይቀር። ከታች የሚለጠፍ፣ ክብደት የሚሸከም፣ ሲመቱት የማይንሸራተት ነገር ማለት እኮ ታኮ ነው። ዕድሜዬን የፈጀሁት በእሱ ነው። እንግዲህ ማን ይሻለዋል?

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ደንበኛ ጋብ ሲል ሥራ ጀመርኩ። የመጀመሪያዋን መክደኛ ሳንሸራትት ውስጥ ያለው ሞላ ተፈናጥሮ ግንባሬን መታኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ይህን እንደ ምክር ይወስደው ነበር። እኔ ግንባሬን አሸት አሸት አድርጌ ቀጠልኩ። መክደኛው ጠበብ ያለ መስሎኝ ሚስቴ ለማጽዳት ስታወልቀው እንዳትቸገር ብዬ ጠርዙን በሞረድ ለዘብ አደረግኩላት። ለወንድ ጫማ የሚሆን ወፍራም ታኮ ቆረጥኩ፤ እንዲከብድ ሆዱ ውስጥ የነሐስ ሚስማር ሰገሰግኩበት፤ ማስቲሽ ቀብቼ ለጠፍኩት። ሲያልቅ አማረ። እዚህ ላይ ባቆም ምናለበት? ግን እጄ ብሩሹን ለምዷል። ቡናማ ቀለም ቀባሁት፣ ወለወልኩት፣ ፊቴን እስኪያሳየኝ አበራሁት። ሁሉንም ካዝና እንዲሁ አደረግኩ።

ማስቲሽ የቀባሁለትን ደንበኛ ሁሉ «ሁለት ቀን ሳይሞላው እንዳትረግጡት» ብዬ ነው የምሸኘው። የማይሰማ ደንበኛ ሲገጥመኝ እቆጣለሁ። ሰናይት ያን ዕለት ቀበቶዋን ለመውሰድ ስትመጣ ቦርሳ ውስጥ ከትቼ፣ ዚፑን ዘግቼ፣ «እቤት እንዳትከፍቺው፣ ሰርፕራይዝ አለው» አልኳት። ስፌት ላይ አበባ ምናምን የጠለፍኩላት መስሏት ፈገግ አለች። ለአጎቷ ለጋሼ ታደሰም ደወልኩላቸው። ጋርዴና ነው የሚኖሩት፤ የሰናይትን አባት ተክተው የዳሯት እሳቸው ናቸው። «ነገ ልጅዎ ስትወዳደር መጥተው ይዩልኝ» አልኳቸው። ለምን ጠራኋቸው? የእሷን ተኩስ እንዲያዩ አልነበረም። የእኔን ታኮ እንዲያዩ ነው። ይሄ ነው እስካሁን አንገቴን የሚያስደፋኝ።

ጋሼ ታደሰ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከረባት አስረው፣ ባርኔጣ ደፍተው መጡ። ሌላው ሰው ሁሉ በቲሸርትና በቁምጣ ነው። ጆሮ መከላከያ ስንሰጣቸው አጠለቁና ባርኔጣቸውን ከላዩ መልሰው ደፉት።

ሰናይት ተራዋ ሲቃረብ ቦርሳዋን ከፈተች። አየሁዋት። አንዷን ካዝና አወጣች፣ ገለበጠቻት፣ አሸተተቻት።

«ምንድነው ይኼ?»

«ታኮ ነው» አልኳት፣ ደረቴን ነፍቼ። «እንዳይቆነጥጥሽ።»

«ማን ንካ አለህ?»

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ድምጿ ሆስፒታል ውስጥ መጥፎ ነገር የምትናገርበት ዓይነት ድምፅ ነበር። ሌሎቹ ተወዳዳሪዎች የያዙት ሌላ ዓይነት ሽጉጥ ስለሆነ ካዝና መዋስ አይቻልም። የድሮው መክደኛ ደግሞ ከታኮው ጋር ተጋብቷል፤ ልፍታው ብል ሞላውን ዘርግፌ ተራዋ ያልፋል። ዳኛው፣ ጢሙ የተንዠረገገ ግዙፍ ሰውዬ፣ የካዝና መለኪያ ሳጥኑን ይዞ መጣ። ቁመቷ ከሳጥኑ ካለፈ አይፈቀድም። የእኔዋ በትንሽ አለፈች፤ ግን ዳኛው በአውራ ጣቱ ጫን ሲላት ላስቲኩ ተጨምቆ ገባች። «ኦኬ» አለ።

«አየሽ? ገባች» አልኳት።

ሰናይት አላየችኝም። መነጽሯን አደረገች፣ ቀበቶዋን አጠበቀች፣ መስመሩ ላይ ቆመች። ያን ጊዜ ትከሻዋን አየሁት። ይቺ ሴት ለዚህች ደቂቃ ስንት ቅዳሜ እንደመጣች ያኔ ነው የገባኝ። በልቤ ማስቲሹን መለመን ጀመርኩ።

ሰዓቱ ጮኸ። መጀመሪያ ላይ ነገሩ አምሮ ነበር፤ ካርቶኖቹን አንድ በአንድ መታቻቸው፣ ባዶዋ ካዝና ስትለቀቅ በሚስማሩ ክብደት ዱብ አለች። ጋሼ ታደሰን ጎሸም አድርጌ «ያቺ የእኔ ሥራ ናት» አልኳቸው። ሁለተኛዋን ከቀበቶዋ ስትመዝ ቀለሙ በፀሐይ ቀልጦ ኖሮ ከጣቷ አንሸራተታት። በልብሷ ጠረግ አድርጋ እንደገና ያዘቻት፤ ነጭ ሸሚዟ ላይ ቡናማ መዳፍ ቀረ። ከዚያ እጀታው ውስጥ አስገብታ በመዳፏ ገፋቻት።

ታኮው ተነቀለ። ብቻውን ቢነቀል ደግ ነበር፤ በሞረድ ያላላሁትን መክደኛ ይዞት ሄደ። ሞላው ተስፈንጥሮ ወጣ፣ ጥይቶቹ ተከትለው እግሯ ሥር ተዘረገፉ። አንዱ እየተንከባለለ ከመስመሩ አልፎ ሄደ።

ሰናይት በዚያ ሰዓት ያደረገችውን ልንገራችሁ። ጣቷን ከቃታው አነሳች፣ አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንዳዞረች ደርቃ ቆመች። የተማረችው ይህንኑ ነው። እዚያ ከነበርነው የእሷ ወገኖች ሥራውን በትክክል የሠራ ሰው እሷ ብቻ ናት። እኛ ግን ሰው ሲወድቅበት ዝም ብለን ማየት አልተማርንም። ገበያ መሀል የማናውቀው ሰው ሎሚ ቢበተንበት ጎንበስ ብለን እንለቅማለን። ጋሼ ታደሰ ገመዱን አልፈው ገቡ።

«ቆይ የኔ ልጅ፣ አንቺ አትጎንበሺ፣ እኔ አነሳልሻለሁ» እያሉ።

ዳኛው «ስቶፕ!» ብሎ ሲጮህ ተራራው መለሰለት። ጋሼ ታደሰ ጆሮ መከላከያ ስላጠለቁ አልሰሙም። ወገባቸውን ይዘው ጎንበስ አሉ፤ ጥይቶቹን አንድ በአንድ እያነሱ፣ አቧራቸውን እፍ እያሉ፣ ባርኔጣቸው ውስጥ ይጨምራሉ። ሲጨርሱ ቀና ብለው ባርኔጣውን በሁለት እጃቸው ለዳኛው አቀረቡለት። ሰውየው ምን ማድረግ እንዳለበት ስላላወቀ ተቀበላቸው።

ሽጉጡ ባዶ መሆኑ ታይቶ ወደ ማኅደሩ ከገባ በኋላ ዳኛው ወረቀቱን ይዞ ወደ እኛ መጣ። ቁጡ ፊት ቢኖረውም ሆዱ የባባ መሰለኝ። «ሰው መስመር ካቋረጠባት ሰናይት ዳግመኛ የመተኮስ መብት አላት፤ ዕቃዋ ራሱ ከፈረሰ ግን የላትም» አለ። «እኔ ያየሁት ባርኔጣውን ነው፤ ካዝናው እንዴት እንደወደቀ አላየሁም። ምን ተፈጠረ?»

መልሱን አፋችን ላይ እንዳስቀመጠልን ልብ በሉ። ሰናይት አፏን ከፈተች። ከመናገሯ በፊት ጋሼ ታደሰ፣ ልጃቸው የተከሰሰች መስሏቸው፣ ከፊቷ ቆሙ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው በሆቴል ሥራ ባገኟት ጥቂት እንግሊዝኛ «እሷ ምንም አላደረገችም። ጥፋቱ የእኔ ነው። ሁሉም የእኔ ነው» አሉት።

ዳኛው ራሱን ነቀነቀ። ብዕሩን አወጣ። ዳግም ትተኩሳለች ብሎ ሊጽፍ ነው። እኔ ይህን ሰዓት ዝም ማለት ነበረብኝ። ጋሼ ባላወቁት መንገድ አድነዋት ነበር፤ የሚፈለግብኝ ምራቄን ዋጥ ማድረግ ብቻ ነው። ነገር ግን እኚያ ነጭ ፀጉር ያላቸው ሰውዬ፣ በጠራኋቸው ቦታ፣ በእኔ ጥፋት፣ ፈረንጅ ፊት አንገታቸውን ደፍተው ሳያቸው ይሉኝታ አላስቀምጥ አለኝ። እንዴት ሽማግሌ የእኔን በደል ይሸከማል? ሰው ምን ይለኛል? ማንም ምንም አይለኝም ነበር፤ በዙሪያው አማርኛ የሚሰማ ሰው እንኳ የለም።

«ኖ ኖ፣ እሳቸው አይደሉም» አልኩ። «እኔ ነኝ። እሳቸው ከመግባታቸው በፊት ነው የፈረሰው። እኔ ነኝ በጫማ ማስቲሽ የለጠፍኩት።»

የዳኛው ብዕር ቆመ። ሰናይት ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ ገለጠችውና ወደ እኔ ሳትዞር፣ በጠራ እንግሊዝኛ፣ «ለጥፍልኝ ያልኩት እኔ ነኝ» አለችው። «እኔ ባላዘው አይነካውም።»

ገመናዬን ሸፈነችልኝ። ይሄ እንግዲህ የመጨረሻው ነበር፤ ራሷ አዝዛ ያሠራችው ዕቃ ከሆነ ጣጣውም የራሷ ነው። ዳኛው እኔን አየ፣ እሷን አየ፣ «እኔ ነኝ እያልኩ» በሚል ዓይነት ትከሻዬን የሚገፉትን ጋሼ ታደሰን አየ።

«እዚህ ሜዳ ላይ ጥፋቴ ነው የሚል ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም» አለ። «ዛሬ ለአንድ ካዝና ሦስት።» እያዘነ ዜሮ ጻፈላት። ባርኔጣቸውንም መለሰላቸው።

ቦታዋን ሌላ ሴት አገኘችው።

ስንመለስ እኔ ድራይቭ አደረግኩ። ጋሼ ታደሰ ከኋላ ሆነው ባርኔጣቸው ባሩድ ባሩድ እንደሚሸት ነገሩን። ጋርዴና ካወረድናቸው በኋላ ሰናይት ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረች። «ዝም ብትል ኖሮ» አለች። ያቺኑ ብቻ። ሸሚዟ ላይ የቀረውን ቡናማ መዳፍ እኔ ነኝ ያጠብኩት፤ የጫማ ቀለም እንደማይለቅ ማንም ሊነግረኝ አያስፈልግም።

ከዚያ በኋላ ቤታችን ውስጥ የማወራው እኔ ብቻ ሆንኩ። እሷ «እራት አለ» እና «በሩን ዝጋው» ትለኛለች፣ በቃ። ኩርፊያ የእኔ ሙያ ነበር፤ ለካ እሷ ስታኮርፍ እኔ ጀማሪ ነኝ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሱቄ ሰው ነበረበት። ጎንበስ ብዬ የአንዲት ወይዘሮ ቡትስ እያስረከብኩ «ቀጥሎ» አልኩ። ባንኮኒው ላይ ቀበቶ ተቀመጠ።

«ምን ላድርግልዎ?» አልኩ፣ እንደ ልማዴ ከእግር ጀምሬ ቀና እያልኩ። የሆስፒታል ጫማ ነው። ሰናይት ናት። ተራ ጠብቃ፣ ሰው አሳልፋ ነው የቆመችው። አፌ ላይ ያለችውን ጥያቄ ያኔ ሰማኋት። በዚህች ባንኮኒ በኩል ያለፈውን ሰው ሁሉ፣ እብዱንም ጤነኛውንም፣ ምን ላድርግልዎ ሳልል ዕቃውን ነክቼ አላውቅም። ሚስቴን ግን አልጠየቅኳትም።

«ከካዝናዎቹ ላይ ማስቲሹን ፋቅልኝ» አለች። «ሌላ ነገር እንዳትነካ።»

ፋቅኩ። ጠርዙ ላይ የቀረችውን ትንሽ ሻካራ ነገር በብሩሽ ላልፍባት እጄን በላኝ፤ ብሩሹን ከመሳቢያው ውስጥ ከተትኩት። እሷ ከቦርሳዋ በፖስታ የመጡላትን መክደኛዎች አወጣች። ደንበኞች ወንበር ላይ ተቀምጣ ራሷ ገጠመቻቸው፤ አንዱም ሞላ ግንባሯን አልመታትም። ሲያልቅ ተነሳች።

«ለቲሙ ተጠባባቂ ይፈልጋሉ» አለችኝ። «ቅዳሜ ነው የሚመርጡት።»

«ልምጣ?» አልኳት።

«እየጠየቅከኝ ነው?»

«አዎ፣ እየጠየቅኩሽ ነው።»

«አትምጣ» አለችኝ።

አልሄድኩም። ቅዳሜ ሱቄን ከፍቼ ያልተበላሸ ጫማ ስጠግን ዋልኩ። ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ። ጋሼ ታደሰ ናቸው፤ ከኋላቸው ተኩስ ይሰማል።

«የት ነዎት?» አልኳቸው።

«እዚሁ ሜዳው ላይ ነኛ፤ ልጄ ጠርታኝ። በጠዋት መጥታ ወሰደችኝ» አሉ፣ ከተኩሱ በላይ እየጮሁ። «አገኘችው፣ መረጧት! አንዲት ነገር አልወደቀባትም፣ እኔም ከገመዱ ማዶ ጸጥ ብዬ ነው የቆምኩት። አንተ ግን ምነው ቀረህ?»

ሥራ በዝቶብኝ ነው አልኳቸው። ከዚያ «እንኳን ደስ ያላችሁ» አልኩ። «እንኳን ደስ ያለን» የምልበት አፍ አልነበረኝም።